ከገመዱ ራቅ በል

ትናንት ከጎንደር መውጫ ላይ አንድ ላንድክሩዘር ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ፣ ጎረምሶች ገመድ ፓራውልቱ ላይ ሲቋጥሩ አየሁ። «እዚያ ላይ አይታሰርም!» ብዬ ጮህኩ። የሰማኝ የለም። ድክም አለኝ።

ካርቱም አብዮቱ በጦፈበት ክረምት፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ አል-ጣኢፍ የሚባለው የከተማው ሰፈር ለአንድ ቤተሰብ ሾፌር ነበርኩ። አንድ ቀን ሐጅ ዩሱፍ የሚባለው ሰፈር የሚኖሩት ያገሬ ሰው እትዬ ለምለም ልጃቸውን ምጥ ይዟት ደወሉልኝ። አሠሪዬ መኪናውን ፈቀዱልኝና ሄጄ ጫንኳቸው። ዋናውን መንገድ አብዮተኞቹ ወጣቶች በጡብ ዘግተውታል። በጓሮ ልዙር ብዬ ጭቃ ውስጥ ገባሁ። የዚያ አገር ጭቃ ሲደርቅ ድንጋይ፣ ሲርስ ሳሙና ነው።

ጡቡን የሚጠብቁት ልጆች ከነፒክአፕ መጡ። እንዲህ ለእርዳታ መረባረብን ነፊር ይሉታል፤ እንደኛ ደቦ ነው፣ ያላገዘ ያፍራል። አዩብ የሚባል ሳቂታ ልጅ ገመዱን ከፓራውልቱ ሥር ያለች ቀለበት ላይ አሰረው። ያቺ ቀለበት መኪናው በመርከብ ሲመጣ የሚጠፈርባት እንጂ የሚጎተትባት አይደለችም። ተበጥሳ ከተስፈነጠረች ሰው ትገድላለች። ፈታሁትና የመኪናው ዋና ብረት፣ ሻንሲው ላይ ያለውን ወፍራም መንጠቆ ፍለጋ ጭቃውን በእጄ እዝቅ ጀመር።

«ልጄ ልትሞትብኝ ነው፣ ያገኘኸው ላይ እሰረው!» አሉ እትዬ ለምለም።

«እናቴ፣ እዚህ ላይ ካሰርኩት ሌላ ሰው ይሞታል።»

መንጠቆውን አግኝቼ አሰርኩ። ልጆቹ ግን እኛም እንሳብ ብለው ገመዱን አንለቅም አሉ።

«አዩብ፣ ራቅ በል! ገመዱም ይበጠሳል!»

«ያ ዞል፣ አንተ ሰው፣ ጥይት ያልገደለኝን ገመድ ይገድለኛል?» ብሎ ሳቀ።

ይኼኔ እትዬ ለምለም በመስኮት ብቅ ብለው «ያ አውላድ፣ እናንተ ልጆች፣ ልጅቷ ምጥ ላይ ናት! ዞር በሉ፣ ነውር አይደለም?» ብለው ጮኹ። ሁሉም ገመዱን ጥለው አጥር ጀርባ ገቡ። ጥይት ያልመለሳቸውን ልጆች ይሉኝታ መለሳቸው። ፒክአፑ ጎትቶ አወጣን፤ ልጅቷም ሆስፒታል ደርሳ በሰላም ተገላገለች።

ክረምቱ ሳያልፍ አዩብ እዚያው ጡብ አጠገብ በጥይት ተመትቶ ሞተ። ለቅሶው ላይ ተቀምጬ ያ ሳቁ ብቻ ይመጣብኝ ነበር። ከገመድ ባድነው ምን ዋጋ አለው እያልኩ ብዙ ጊዜ ራሴን አደከምኩ።

ትናንትም ጎረምሶቹ እምቢ ሲሉኝ ምን አገባኝ ብዬ ልሄድ ነበር። አንደኛው ግን ገመዱን እንደያዘ ዞር ብሎ ሳቀብኝ። ሱሪዬን ሰበሰብኩና መንጠቆውን ልፈልግ ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ።