ጀሪካን ላይ የሚተኮስ ጨረር

ባሌ ሰቆጣ ከተማ ውስጥ የፊዚክስ መምህር ነበር። ውጭ አገር ሄዶ የተማረው ግን ስለ ፕላስቲክ ነው፤ በትክክል ለመናገር ስለ ፕላስቲክ ቆዳ። ቀለምም ሙጫም አልይዝ የሚለውን ፕላስቲክ እንዴት እሺ እንደሚያሰኙት።

ጊዜው የደርግ ነው። ምንጭ የምንወርድበት ጀሪካን ሁሉ ቢጫ ስለነበር በቀለም ምልክት እናደርግበታለን። ምልክቱ ወዲያው ይላጥና የኔ ነው የኔ ነው ጠብ ይነሳል። የቀበሌው ሊቀመንበር በስብሰባ ላይ የተማረ ሰው ያስረዳን ብሎ ባሌን አስነሣው። አስረዳ። አየሩ ተመጥጦ በወጣ ሣጥን ውስጥ፣ ኤሌክትሪክ ያዘሉ ደቃቅ ቅንጣቶች፣ አዮን የሚባሉት፣ እንደ ጨረር ሆነው ፕላስቲኩ ላይ ይተኮሳሉ አለ። የቆዳውን ትስስር ይበጥሱታል፤ የተበጠሰው ጫፍ ኋላ ከአየሩ ኦክስጅን ይይዛል፤ ያን ጊዜ ቀለም ይጣበቅበታል። ውስጡ ግን እንደነበረ ነው።

ሊቀመንበሩ የሰማው አንድ ቃል ብቻ ነው።

«ማን ላይ ነው የምትተኩሰው?» አለው።

«ጀሪካን ላይ፣ ጓድ ሊቀመንበር።»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ሊቀመንበሩ አልሳቀም። በማግስቱ ተኩስ ያስተምራል ተብሎ ባሌን ከክፍል አውጥተው ወሰዱት።

አፉን የፈታው በአገውኛችን፣ በኽምጣንጋ ስለሆነ አማርኛው ተምታቶበት ነው ይሉኛል እስከ ዛሬ። ውሸት ነው። እኔም አፌን የፈታሁት በኽምጣንጋ ነው። እንደወሰዱት ስንቅ ይዤ ሊቀመንበሩ ቢሮ ገባሁ። የሸሚዙ ኮሌታ እንደ ካርቶን ቀጥ ብሏል።

«ሸሚዝዎን ማን ተኮሰልዎ?» አልኩት።

«ሚስቴ» አለ ሳያስበው።

«ታዲያ እሷን ለምን አላሰሯትም?»

ፊቱ ጠቆረ። «ባልሽ ወደ ደሴ ተሸኝቷል። ውጪ።»

ተሸኝቷል አለ። እኛ የምንሸኘው እንግዳ ነው፤ በልቶ ጠጥቶ፣ ተመርቆ። ደሴ እስር ቤት ድረስ ሄድኩ። እንዲህ ያለ ሰው አልደረሰንም አሉኝ። ፍትሐት እንዲያደርሱልኝ ቄሱን ብለምናቸው፣ መሞቱን በምን አወቅሽ አሉኝ። ምን ልበላቸው?

መንገድ ላይ የሆነውን የሚያውቀው ሊቀመንበሩ ነበር። መንግሥት ከተለወጠ በኋላ ቤቱ ድረስ ሄጄ ጠየቅሁት። ረሳሁ አለኝ። አርጅቶ አልጋው ላይ ሞተ። ሰፈሩ ወጥቶ ቀበረው፤ እኔ አልወጣሁም። ለቅሶ ቀረች ብለው ያሙኛል። ይሙኝ።