ከሰማይ የታየ ቀይ

መሥሪያ ቤታችን ባሕር ዳር፣ ፋሲሎ ሰፈር ነበር። ሥራዬ ከሳተላይት የተነሣ ትልቅ ፎቶ ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ፣ የጥንት እሳተ ገሞራ ያፈሰሰውን ድንጋይና ፍል ውሃ የሚወጣበትን ቦታ እየለዩ ካርታ ላይ ማስፈር ነው። በዚያ ፎቶ ላይ ጣና ጥቁር ነው፤ የለመለመ ነገር ሁሉ ደግሞ ቀይ ሆኖ ይወጣል። ሰብልም ቀይ፣ ቁጥቋጦም ቀይ። የቱ የቱ እንደሆነ ለማወቅ በእግር ሄዶ መርገጥ ያስፈልጋል።

በደርግ ጊዜ ገበሬው ሁሉ መንደር ይሰብሰብ ሲባል ካድሬው ቢሮአችን መጣ። ከአንበሳሜ ከተማ ወዲያ ያሉት ገበሬዎች የሚሰፍሩበትን ቦታ ሊመርጥ ነው። እናቴ ከእነሱ አንዷ ነበረች። ጣቱን ደማቁ ቀይ ላይ አሳረፈ።

«እዚህ ይሁን።»

«ጓድ፣ ይኼ የገሞራ ድንጋይ ነው። ክረምት ሲወጣ ቁጥቋጦ ስለሚያለብሰው ነው የቀላው። ረግጨዋለሁ፤ ማረሻ አይገባውም።»

«ሳተላይት ያየውን አንተ ልታርም ነው?» አለና ሣቀ። አለቃዬም ሣቀ፤ ያ ሰው ካድሬ ካልሣቀ ጥርሱ አይታይም ነበር። ደግሜ ብናገር ካድሬው፣ «እናትህ ስላለችበት ነው አይደል?» ብሎ እንደ ወንጀለኛ አየኝ። ፎቶውን ጠቅልሎ ሄደ። እንደዚያን ቀን ሰው ጠልቼ አላውቅም።

እናቴን ቤቷን በገዛ እጇ አስፈረሷት። ልጠይቃት ስሄድ የአዲሱ ጎጆዋ ምሰሶ ጉድጓድ አልቆፈር ብሎ፣ በድንጋይ ክምር ተደግፎ ቆሟል። ማረሻዋ ተሰብሮ ደጃፉ ላይ ተጥሏል።

«ልጄ፣ ከሰማይ ሁነው ሲያዩት ምን መሰላቸው?» አለችኝ።

«ለምለም።»

«እንግዲያ እዚያው ሁነው ይረሱት።»

ዓመት ሳይሞላት፣ ነሐሴ ላይ ሞተች። ቤተ ክርስቲያኑ ከጉማራ ማዶ፣ በድሮው መንደር ቀርቷል፤ ወንዙ ሞልቶ አላሻግር አለን። ሬሳ አይቆይምና እዚያው አዲሱ መንደር ቆፈርን። ዶማው እየነጠረ ይመለሳል። ጉድጓዱ ጉልበት እንኳ ሳይደርስ ቀረ፤ ድንጋይ ከምረን ሸፈንናት። ይኼ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ክረምቱ ወጥቶ አዲስ ፎቶ ሲደርሰን ካድሬው ሊያይ መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ጎንበስ ብሎ፣ እናቴ ያለችበትን ቦታ በጣቱ መታ መታ አደረገው።

«አየህ» አለኝ፣ «እንዴት እንደቀላ።»