የፍሬን ዘይት የቀየርንበት ማክሰኞ

ባሌ መኪናችንን ሲጠግን ፔዳል የምረግጥለት እኔ ነበርኩ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ። መንዳት አልችልም፤ ሊያስተምረኝ የሞከረ ዕለት ተጣልተን ሁለት ቀን ተኳርፈናል። የፍሬኑን ፔዳል ግን ከእኔ እግር በላይ የሚያውቀው የለም። የፍሬን ዘይት ሲቀየር ሁለት ሰው ያስፈልጋል። አንዱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ፔዳሉን ይረግጣል፤ ሌላው ከሥር ተኝቶ በየጎማው ጀርባ ያለችውን ትንሽ ቡሎን እየከፈተ አሮጌውን ዘይትና የገባውን አየር ያስወጣል። ከሥር ያለው «ያዝ» ይላል። ላይ ያለው እስከ ታች ረግጦ «ይዣለሁ» ይላል። ቡሎኗ ተዘግታ «ልቀቅ» እስኪባል ድረስ እግር ንቅንቅ አይልም፤ ቀድሞ ከለቀቀ አየሩ ተመልሶ ይገባና ሥራው እንደገና ሀ ተብሎ ይጀመራል። ከሥር ያለው ሰው ፔዳሉን አያየውም፤ የተባለውን ማመን ብቻ ነው።

ጂፗ አሮጌ ናት። ሶፊ ከሚባለው ገጠር ገበሬዎችን ከነጫታቸው፣ ከነለውዛቸው ጭና የከተማው መግቢያ ኤረር በር ታወርዳለች። ባጃጅ የማይደፍረውን ኮረኮንች አጉረምርማም ቢሆን ትወጣዋለች። ልጆቻችንን ያስተማረችው እሷ ናት፤ ባሌን ሰው ያሰኘችውም እሷው ናት ብል አላጋነንኩም። ሰው በስሙ ሳይሆን «ባለ ጂፑ» እያለ ነው የሚጠራው።

አንድ ቅዳሜ ሐኪም ጋራ የሚባለው ኮረብታ ላይ ወዳለው ቤታችን ሲገባ ፊቱ አመድ መስሏል። ሁልጊዜ ጋቢና የሚቀመጡት የሶፊው ሽማግሌ አብረውት መጥተዋል። «ኤረር በር ስንደርስ አህያ ገባብኝ፤ ፍሬኑ ዘግይቶ ነው የያዘልኝ» አለ ባሌ። ሽማግሌውን ይግቡ ብላቸው እምቢ አሉ። «አላህ ነው ያወጣን፣ ልጄ። ደህና አድርጋችሁ ሳታዩ እንዳትነዱ» አሉኝ። ዓይናቸው ግን መኪናዋ ላይ አልነበረም፤ የባሌ እግር ላይ ነበር። ያኔ ልብ አላልኩትም።

ማክሰኞ ጠዋት ያልተከፈተ ቆርቆሮ የፍሬን ዘይት ይዞ መጣ። የተከፈተ ዘይት እርጥበት ይስባል፣ እርጥበት የጠጣ ዘይት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ይከዳል ይላል። በጎማዎቹ ሥር ድንጋይ አደረግን። ከክረምት ወዲህ ወገቡ ስለሚይዘው ከሥር መተኛቱ ከብዶት ቆሞ ሲያመነታ አየሁት።

«ዛሬ እኔ ልግባ፤ አንተ ርገጥ» አልኩት።

«አንቺ? ቡሎኑን ሰብረሽ ልታስቀሪኝ?»

«ሃያ ስምንት ዓመት ከሥር ስትጮህብኝ የሰማሁት ይበቃኛል።»

ፈገግ አለ። አሮጌ ቀሚሴን ለብሼ፣ ሻሼን ጠበቅ አድርጌ፣ ጆንያ አንጥፌ ገባሁ። ከሩቁ የኋላ ጎማ ጀመርን። ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ቡሎኗ ጫፍ ላይ ሰክቼ ሌላውን ጫፍ የማርማላታ ጠርሙስ ውስጥ ከተትኩት። «ያዝ» አልኩ። «ይዣለሁ» አለ። ቁልፉን ሩብ ዙር ሳዞረው አተላ የመሰለ ጥቁር ዘይት እየተንተከተከ ወረደ።

«ጉድ ነው። ይህን ይዘህ ነው የሰው ነፍስ የምትጭነው?»

«ወሬውን ተዪና ዝጊ።»

ዘጋሁ። ደግመን ደጋግመን ንጹሑ ዘይት ብቅ እስኪል ቀጠልን፤ እሱ በየመሃሉ ወርዶ ኮፈኑን ከፍቶ የጎደለውን ዘይት ይሞላል። ሁለተኛው የኋላ ጎማም እንዲሁ አለቀ። ድምፁ ታፍኖ ነበር የሚመጣው፤ ለካ አንገቱን ደፍቶ እግሩን እያየ ነው የሚረግጠው። ይህ የገባኝ ግን በኋላ ነው። ያኔማ በራሴ ኮርቼ ጎረቤት ባየኝ እያልኩ ነበር።

ሦስተኛው ላይ፣ ከፊት በስተቀኝ ባለው፣ ነገር ተበላሸ። «ያዝ።» «ይዣለሁ።» ከፈትኩ። ጠብ የሚል የለም። ዘጋሁና ደገምኩ። ምንም። ቡሎኗ በአቧራ የተደፈነች መስሎኝ በቀጭን ሽቦ ጎረጎርኳት። አሁንም ምንም።

«በደንብ ርገጥ እንጂ!»

«ረግጫለሁ።»

«ሰውዬ፣ እየረገጥክ ነው ወይስ እያንቀላፋህ?»

«አቦ ተዪኝ! ይዣለሁ አልኩሽ እኮ!»

ተናድጄ ከሥር ወጣሁና በሩ ጋ ቆምኩ። በዚህኛው ጊዜ አንገቱን አልደፋም። በፊት መስተዋቱ አሻግሮ ከተማውን እያየ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ጭኑ እስኪወጠር ባለ በሌለ ጉልበቱ ይረግጣል። የሚረግጠው ግን ወለሉን ነበር። ፔዳሉ ከእግሩ አጠገብ ማንም ሳይነካው ቆሟል።

«ይዘሃል?» አልኩት ቀስ ብዬ።

«ይዣለሁ።»

አልዋሸም። ሰው ሲዋሽ አውቃለሁ፤ እሱ ሲዋሽማ ከማንም በላይ አውቃለሁ። የያዘ መስሎት ነበር።

«እግርህን እየው» አልኩት።

አየ። ከዚያ ጉልበቱን በሁለት እጁ ይዞ እግሩን ወደ ፔዳሉ አዞረው። «ተንሸራቶ ነው» አለ። ጫማውን ፈታሁ። ካልሲው ከተረከዙ ጋር ተጣብቋል። ውስጥ የለውዝ ፍሬ የምታህል ጠጠር ነበረች፤ ሥጋውን ቦርቡራ ደሙ ደርቋል። ከጠዋት ጀምሮ ሲራመድባት፣ ሲረግጥባት ውሏል።

«ይቺ አልተሰማችህም?»

ጠጠሯን ከእጄ ወሰዳት።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከክረምቱ በፊት።»

ስኳር እንዳለበት አውቃለሁ፤ ክኒኑን በእጄ የምሰጠው እኔ ነኝ። እግሩን እንዳደነዘዘው ግን ደበቀኝ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም እያልኩ ለጎረቤት ሁሉ ስመክር የኖርኩ ሴት፣ አጠገቤ የሚተኛውን ሰው እግር ሳላይ ከርሜያለሁ። ተናደድኩ። በእሱ ይሁን በራሴ መድኃኔዓለም ይወቀው። ቁስሉን በንጹሕ ውኃ አጥቤ በነጠላዬ ጫፍ ጠቀለልኩለትና ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት እንሄዳለን አልኩት። ራሱን ነቀነቀ።

ከዚያ «አህያ አልነበረም» አለ።

«ምኑ?»

«የቅዳሜው። ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። ፍሬን የያዝኩ መስሎኝ ነበር። የእጅ ፍሬኑን የጎተቱት ሽማግሌው ናቸው። ቀሚሷ መኪናዋን ነክቷል።» ይህን ሲል አላየኝም፤ ጠጠሯን መዳፉ ላይ ያገላብጣታል። «አላህ ሸሽጎልሃል፣ አንተ ግን ከሚስትህ አትሸሽግ ብለውኝ ነበር።»

ሴትዮዋን አላውቃትም። ዛሬም ኤረር በር ባለፍኩ ቁጥር ልጅ ያዘለች ሁሉ እሷ ትመስለኛለች።

«ከዛሬ በኋላ መሪ አትይዝም» አልኩት።

«ዝቅ ብዬ እግሬን እያየሁ…»

«መንገዱን ማን ያይልሃል?»

ይጮኽብኛል ብዬ ጠብቄ ነበር። ቢጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር። የመኪናዋን ቁልፍ ከመሪው ሥር ነቅሎ መዳፌ ላይ አስቀመጠውና ጣቶቼን ራሱ አጠፋቸው። ሰው ከሚያውቀው ነገር እንዲህ በዝምታ ሲለይ ማየት ያማል።

«ሁለት ጎማ ቀርቷል» አለ። «ጎዶሎ ሥራ ጥለን አንገባም።»

«ወገብህስ?»

«አንቺ ወደ ቦታሽ ውጪ።»

ጆንያው ላይ እያቃሰተ ተኛ። እኔ ወንበሩ ላይ ወጥቼ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ፔዳሉን ሁልጊዜ በባዶ እግሬ ነው የምረግጠው። «ያዢ» አለ። «ይዣለሁ» አልኩ። ሦስተኛው ጠራ። አራተኛው ላይ ፔዳሉ ቀስ በቀስ እየጠነከረ፣ እየጠነከረ መጥቶ በመጨረሻ እግሬ ሥር ድንጋይ ሆነ። ጂፗ እንዲህ ያለ ፍሬን ኖሯት አያውቅም።

«አንዴ ያዢልኝ፤ የመጨረሻው ነው» አለ።

«ይዣለሁ።»

ቁልፉ ቡሎኗን ሲያጠብቅ፣ ከዚያም ጆንያው ላይ ሲቀመጥ ሰማሁ። «ልቀቂ» ግን አላለም። «ልልቀቅ?» አልኩ። ትንፋሹ ሲቆራረጥ ይሰማኛል። እናቱን በቀበርንበት ቀን እንኳ ሲያለቅስ አልሰማሁትም። ወርጄ ላቅፈው ብድግ ልል ነበር። ግን እንዳላየው ብሎ ነው እዚያ የቆየው፤ ይህን ያህልማ አውቀዋለሁ።

ባቴ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቡሎኗ ከተዘጋች ቆይታለች፤ ብለቅም ባልለቅም ለፍሬኑ ለውጥ የለውም። እኔ ግን «ልቀቂ» እስኪለኝ ድረስ ይዤ ቆየሁ።