ግራ እጅ ያልተላከለት ማውስ

የልጅነታችን የጨዋታ ማውስ እንደገና ተሠርቶ ወጣ ሲባል ሰምቼ ገዛሁት። የገዙት ሰዎች በኢንተርኔት ላይ አስተያየታቸውን ጽፈዋል፤ አንዱ «ገመዱ ለስልሷል» ብሎ ያመሰግናል፣ ሌላው «የድሮው ይከብድ ነበር» እያለ ያለቅሳል። እኔ ግን ኢትዮጵያ ጎዳና ከሚባለው መንገድ አጠገብ ባለችው ቤቴ ቁጭ ብዬ ያንኑ የድሮ የተኩስ ጨዋታ ብጀምር፣ ገና ከመጀመሪያው በር ሳልወጣ መቶ ጊዜ ሞትኩ። ተናድጄ «ማውሱ ውሸታም ነው፣ አንድ ኮከብ» ብዬ ስጽፍ፣ ልትጠይቀኝ የመጣችው ታላቅ እህቴ ከኋላዬ ሆና አነበበችው።

«አይ ጀግናው! አንተ መቼ ብቻህን ተጫውተህ ታውቃለህ?» አለችኝ።

እውነቷን ነው። ልጆች ሳለን፣ ከኢትዮጵያ እንደመጣን፣ መቫሰረት ጽዮን በሚባል ከተማ አዲስ ገቢዎች በምናርፍበት ግቢ፣ ኮምፒውተሩ አንድ፣ ልጁ እንደ ባሕር አሸዋ ነበር። ስለዚህ ሁለት ሁለት ሆነን እንቀመጥ ነበር፤ እኔ በማውሱ እተኩሳለሁ፣ እሷ በኪቦርዱ ቁልፎች ታስሮጠኛለች። ቁልፎቹን መጫን የነበረበት ግራ እጄ እስከ ዛሬ መሮጥ አልተማረም።

ወንበር ስባ ቁልፎቹን ያዘች። «በል ተኩስ፣ አታፍጥ!»

ያን ቀን ግማሽ ዓለም ድል አደረግን። ከዚያ የጻፍኩትን ሰርዤ እንዲህ አልኩ፦ «አምስት ኮከብ። እህት ግን አብራ አትላክም፤ ከቤት ያዘጋጁ።»