ለወንድሜ የሰፋሁት ጉርድ

ታላቅ ወንድሜ ጉርድ ቀሚስ ስፊልኝ ያለኝ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው በሞላበት በረንዳ ላይ ነው።

የምሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ሶዶ ውስጥ፣ ወደ ገበያው በሚወስደው መንገድ ዳር ነው። ማሽኖቻችንን በረንዳው ላይ አውጥተን ስለምንሰፋ ደንበኛ የሚናገረውን ሁሉ የባጃጅ ሾፌሮቹም፣ ሻይ የምትሸጠዋ ሴትዮም ይሰማሉ። እኔ ሰው ሲያየኝ እጄ ስለሚተሳሰር ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ነው የምቀመጠው።

"ለማን ነው ጉርዱ?" አልኩት ቀስ ብዬ።

"ለእኔ።"

"ለአንተ ምን?"

"ለእኔ ለራሴ። ጓደኛዬ ሲያገባ ሚዜ ነኝ አይደል? በዱንጉዛ እንድትሰፊልኝ እፈልጋለሁ።"

ዱንጉዛ ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር መስመር ያለው የእኛ የወላይታ ጨርቅ ነው። ወንዶች ለሰርግና ለበዓል ሱሪ ያሰፉበታል፤ ኮትና ኮፍያም ያሰፉበታል። ጉርድ ግን የሚያሰፉት ሴቶች ናቸው። ወንድሜ በስልኩ የውጭ አገር ወንዶች ጉርድ ለብሰው ሲሄዱ አይቶ ኖሯል። ፎቶውን አውጥቶ አሳየኝ። "ሰርጉ እኮ ተበላ ከተማ ነው፤ ሙቀቱን ታውቂዋለሽ። ነፋስ ይግባልኝ እንጂ! ደግሞስ የፈለግኩትን ብለብስ ማን ምን አገባው?" አለ።

ማን ምን አገባው። እኔ በሕይወቴ ይህን ቃል በሆዴ እንጂ በአፌ ብዬው አላውቅም።

የስፌት ቤቱ ባለቤት፣ ጋሼ ነው የምለው፣ ሜትሩን ከአንገቱ አውርዶ ተነሣና መሀል ላይ ቆም አለ። እኛ ቤት ሕግ አለ። ወንድን እሱ ይለካል፤ ሴትን እኔ እለካለሁ። ሱሪ የእሱ ማሽን ላይ፣ ቀሚስ የእኔ ማሽን ላይ ይሰፋል። ጉርድ የሚያሰፋ ወንድ መጥቶ ስለማያውቅ ሕጉ እዚህ ላይ ሲደርስ ግራ ገባው።

"ሱሪ ቢሆን የእኔ ነበር" አለ በመጨረሻ፣ ሜትሩን መልሶ አንገቱ ላይ እያደረገ። "ጉርድ ያንቺ ነው። ለኪው።"

ተነሥቼ ለካሁት። ወገቡን፣ ከዚያም ከወገቡ እስከ ጉልበቱ። ጎንበስ ስል ከመንገዱ አንዱ የባጃጅ ሾፌር ጮኸ፦ "እህት፣ ሻሽም ጨምሪለት!"

"ሻሹ ለአንተ ይሁን!" አለ ወንድሜ ዞር ሳይል። "መላጣህን ትሸፍንበታለህ!"

ሻይ ሻጯ እስክታነባ ሳቀች። ሾፌሩም ኮፍያውን ወደ ታች እየጎተተ አብሮ ሳቀ። የሚለብሰው ወንድሜ ነው፤ እንደ በርበሬ የቀላው ፊት ግን የእኔ ነው። ያኔ ቀናሁበት። ጉርድማ እኔም አለኝ። የቀናሁት ሰው ሲስቅበት ምንም እንዳልሆነ ቆሞ መመለስ በመቻሉ ነው።

እኔ ደግሞ ሱሪ አለኝ። ይህን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማሽኔ በእግር የሚረገጥ ነው። የቀሚሴ ጫፍ ስንት ጊዜ በመንኮራኩሩ ቀበቶ ተይዞ ተቀድዷል። ከዳሞታ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ሲነሣም አንድ እጄ ቀሚስ ከመያዝ አይፈታም። ትምህርት ከስድስተኛ ክፍል አቁሜ ስፌት የጀመርኩ ሰሞን ከሰልባጅ ተራ አንድ ሱሪ ገዝቼ ነበር። እናቴ ስታየው መቀስ አመጣችና ሁለቱን እግሮቹን ቆርጣ መወልወያ አደረገቻቸው። "የቤተ ክርስቲያን ልጅ ሱሪ አትለብስም" ያለችኝ ቆርጣ ከጨረሰች በኋላ ነው። ወለሉን ራሴ በሱሪዬ ወለወልኩበት።

ከብዙ ጊዜ በኋላ ጋሼ የተረፈ ቡናማ ጨርቅ ሲሰጠኝ፣ እሱ ለምሳ ሲሄድ እየጠበቅኩ ሌላ ሰፋሁ። ክር ከምናስቀምጥበት ካርቶን ሥር ነው የማኖረው። አንዳንዴ ሴቶች ልብስ ከሚለኩበት መጋረጃ ጀርባ ገብቼ እለብሰዋለሁ። ልክክ ይላል። ከመጋረጃው ውጭ ግን አንድም ቀን አልወጣሁበትም።

ሜትሬን ስጠቀልል ለወንድሜ በጆሮው ነገርኩት። "እሰፋልሃለሁ። አንተ ግን ለእማዬ ትነግርልኛለህ።"

"ምን ብዬ?"

"ሱሪ አለኝ። ለብሼው ወደ ሥራ እንድመጣ ትፍቀድልኝ።"

"ይሄ ብቻ ነው? እኔ የነገርኳትን መቼ እምቢ ብላ ታውቃለች!" አለና ጭንቅላቴን ዳበሰኝ።

እውነቱን ነው፤ እምቢ ብላው አታውቅም። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንደገና ቀናሁ።

ጉርዱን እንዲሁ በቀላሉ አልሰፋሁትም። መስመሮቹ ጎንና ጎን ላይ እንዲገጥሙ ጨርቁን ደጋግሜ እያጠፍኩ ቆረጥኩ። እንደ ወንድ ሰፋ አድርጎ እንዲራመድ ከኋላ እጥፋት ተውኩለት። ኪስ እንዲኖረው ፈለገ። "ስልኬን የት ላድርገው ታዲያ?" አለ። ለስንት ሴት ጉርድ ሰፍቻለሁ፤ አንዷም ኪስ ጠይቃኝ አታውቅም። ለራሴም ሰፍቼ አላውቅም፤ ስልኬን ጡቴ ሥር ነው የምይዘው። የእሱን ኪስ ስሰፋ ይህ ትዝ አለኝና መርፌው ጣቴን ወጋኝ።

የሰርጉ ቀን ጠዋት ኦቶና ሰፈር ካለው ቤታችን ውስጥ ከጓዳ ለብሶት ወጣ። ነጭ ሸሚዝ፣ ጥቁር ጫማ፣ ጉልበቱ ላይ የሚያልቅ ዱንጉዛ። አምሮበታል። እናቴ ነጠላዋን እየለበሰች ነበር።

"ማርያም! ልጄ ምን ነካው?" አለች።

እሱ አንድ ዙር ተሽከረከረላት። "እማዬ፣ ያምራል አያምርም?"

መቀሱን ጠበቅኩ። እውነቴን ነው፣ መቀሱ የሚቀመጥበትን መሳቢያ ዞር ብዬ አየሁት። እናቴ ግን አፏን በነጠላዋ ከደነች፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ሳቋን ነው የደበቀችው። "እግርህ ቁርጥ የአባትህ" አለች።

"ሰው ምን ይላል?" እንኳ አላለችም።

በሚኒባሱ ከእሱ አጠገብ ተቀመጥኩ። እሱ እንደ ለመደው ጉልበቶቹን ከፍቶ ተቀመጠ። ፊት ለፊት ያሉት ሴቶች ተጠቃቀሱና አንዷ አልቻለችም። "ወንድም ዓለም፣ ግጠመው እንጂ፤ እኛም ዓይን አለን!" አለችው።

"እንዴት ነው የሚገጠመው?" አለ ወደ እኔ ዞሮ።

"ጉልበትህን አገናኝ። እንደሱ አይደለም፤ ትንሽ ወደ ጎን አዘንብል። እጅህን ከላይ አድርግ። ስትነሣ መጀመሪያ ጨርቁን ያዝ።"

ሞከረ። ትንሽ ቆይቶ ደከመው። "ቀኑን ሙሉ እንዲህ ነው የምትቀመጡት? እንዴት ቻላችሁት?" አለኝ። ከልቡ ነው የጠየቀኝ። እናቴ ከኋላ ሆና "ተዉት ልጄን፣ አታስቸግሩት፤ እንደፈለገ ይቀመጥ" አለች። እኔን በልጅነቴ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጉልበቴ ከተከፈተ ጭኔን የምትቆነጥጠኝ እሷው ናት። ቁንጥጫዋ አሁንም የሚሰማኝ ይመስለኛል።

"አሁን ንገራት፤ ደስ ብሏታል" አልኩት በክርኔ ነካ አድርጌ።

"በሚኒባስ ውስጥ? ሰርጉ ይለፍ እንጂ።"

ተበላ ስንደርስ መጀመሪያ ሕፃናት ተከተሉት። ከዚያ ከሙሽራዋ ወገን የሆኑ ጎረምሶች "ሚዜው ነው ወይስ ሁለተኛ ሙሽራ አመጣችሁልን?" አሉ። እሱ "አንዷ አልበቃ ብትላችሁ ነው!" አላቸውና መሀል ገብቶ ጨፈረ። ሲዘል የሰፋሁለት እጥፋት ከኋላው ተከፍቶ ይመለሳል። መስመሮቹ አንድም ቦታ አልተዛነፉም። ያንን ያየሁት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም።

እናቴ ግን ነጠላዋን እስከ ዓይኗ አውርዳ ነበር። የሙሽራዋ አያት፣ በጣም ያረጁ ሰው፣ ዱላቸውን ተደግፈው ሲነሡ ጭፈራው ቆመ። ወንድሜን ከግቢ ሊያስወጡት መስሎን ነበር። ቀርበው የጉርዱን ጫፍ በሁለት ጣታቸው ያዙ።

"እናንተ ምን ያስቃችኋል?" አሉ ጎረምሶቹን። "አባቴ በወገቡ ጨርቅ አገልድሞ ነበር የሚያርሰው። እኔ ሱሪ የታጠቅኩት ጎልማሳ ሆኜ ነው፤ መጀመሪያ ቀን መራመድ አቅቶኝ ነበር። ይህ ልጅ ያመጣው አዲስ ነገር የለም። ተባረክ ልጄ!"

እልልታው ቀለጠ። እናቴ ነጠላዋን ከፊቷ ገልጣ እሷም እልል አለች። አዛውንቱ የወንድሜን እጅ ይዘው "የማን ልጅ ነህ?" ሲሉት ወደ እሷ ጠቆመ፤ እሷም ተነሥታ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። እንዲያ ስትኮራ አይቻት አላውቅም።

እኔ ከሴቶቹ መሀል፣ ጉልበቴን ገጥሜ ተቀምጫለሁ። ለእሱ ጉርድ አያት ተገኘለት። ለእኔ ሱሪ ግን አያት ከየት ይመጣል? የትኛዋ አሮጊት ዱላዋን ተደግፋ ተነሥታ "እኔም በጊዜዬ ለብሼ ነበር" ትልልኛለች? ሙሽራዋን ማየት ትቼ እሱን ብቻ አየሁ። ወደ እኔ ዞር ይላል፣ ቃሉን ያስታውሳል ብዬ ጠበቅኩ። እናቴ እጁን ይዛ ነበር፤ ያኔ አንድ ቃል ቢነግራት በቂ ነበር። አልዞረም። ሰው ሁሉ ከእሱ ጋር ፎቶ ሊነሣ ተሰልፎ ነበር።

በማግስቱ ሥራው ወደሚገኝበት ወደ ሻንቶ ሲሄድ እስከ ባጃጁ ሸኘሁት። ተራ ሱሪውን ለብሷል።

"አልነገርካትም" አልኩት።

"ውይ! ረሳሁት እኮ።" ቦርሳውን ወደ ውስጥ አስገባ። "ስመለስ እነግራታለሁ። ግን አንቺም እስኪ አስቢበት። ሴት ልጅ በሱሪ በሰፈራችን ስትሄድ... ሰው ምን ይላል?"

ባጃጁ ሄደ። "ማን ምን አገባው?" የሚለው መልስ የመጣልኝ ጥጉን ከዞረ በኋላ ነው፤ ሁልጊዜ እንዲሁ ነኝ።

ጉርዱን እንዳጥብለት ትቶት ሄዷል። በበነጋው ከስፌት ቤቱ ሱሪዬን በፌስታል ጠቅልዬ አመጣሁና ሁለቱንም አብሬ አጠብኳቸው። በር ላይ፣ መንገዱን በሚያየው ገመድ፣ ጉርዱን አሰጣሁ። ከአጠገቡ ሱሪዬን አሰጣሁ። አፌ የማይችለውን ገመዱ እንዲናገርልኝ ነው። ከዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሽንኩርት መላጥ ጀመርኩ።

እናቴ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ገመዱ ጋ ቆመች። ሱሪውን ነካ አደረገችው። "ይሄንንም ረስቶት ነው የሄደው?"

አዎ ብል ያልፍ ነበር።

"የእኔ ነው" አልኩ።

አላየችኝም። የሱሪውን ወገብ ገልብጣ ስፌቱን አየች፤ በጣቷ መስመሩን ተከትላ እስከ ታች ወረደች። እጄ ላይ ያለው ቢላዋ ቆመ። ከመንገድ አንዲት ጎረቤት አጥሩን ተደግፋ "ያ የሰርጉ ጉርድ ነው? አምሮበት ነበር አሉ!" አለች።

"የእኔ ልጅ አይደል!" አለች እናቴ ፊቷ በርቶ። ጎረቤቷ አልፋ እስክትሄድ ሱሪውን በጀርባዋ ከልላ ቆመች። ከዚያ ከገመዱ አውርዳ ሰጠችኝ።

"ከኋላ አስጪው" አለች። "እንሰቱ ጋ።"

መቀስ አላመጣችም። ሱሪዬ ከቤቱ ጀርባ በእንሰቶቹ መሀል፣ የወንድሜ ጉርድ ደግሞ ፊት ለፊት፣ መንገደኛ እያየው ደረቀ።

በሚቀጥለው ቀን ሱሪውን ለብሼ ስወጣ እናቴ በር ላይ ያዘችኝና አሮጌ ነጠላዋን ሰጠችኝ። "እስክትደርሺ ይሄን አገልድሚበት።" አገለደምኩ። ስፌት ቤቱ ስደርስ ፈትቼ ወንበሬ ላይ ሰቀልኩት። ጋሼ አየኝና ክር ጠየቀኝ። ቀኑን ሙሉ ማሽኑን ስረግጥ ቀበቶው ምንም አልያዘብኝም።

ከሰዓት በኋላ ያ መላጣው የባጃጅ ሾፌር መጣ። "እንደ ወንድምሽ ያለ፣ ለእኔም" አለ። ጋሼ ሜትሩን ሊያነሣ ብሎ ተወውና ወደ እኔ ጠቆመ።

"ኪስ ይኑረው?" አልኩት።

"ይኑረው እንጂ!"

ሲያልቅለት እዚያው መጋረጃ ጀርባ ለበሰውና ሱሪውን በእጁ አንጠልጥሎ ወደ መንገዱ ወጣ። ጓደኞቹ አፏጩበት፤ እሱም ጉርዱን ከፍ አድርጎ እጅ ነሣቸው። እየሳቀ ባጃጁን አስነሥቶ ሄደ። ጥጉን እስኪዞር አየሁት። ከዚያ ስፌት ቤቱ ሲዘጋ ነጠላውን ከወንበሬ አውርጄ በሱሪዬ ላይ አገለደምኩና ወደ ቤት ሄድኩ።