የአባቴ ዜግነትና የአጎቴ መሐላ

አባቴን ከአገር ሊያስወጡብን ነበር። ይህን ሳስብ ዛሬም ደሜ ይፈላል።

አባቴ የመን ተወልዶ ከሚሴ ያደገ ሰው ነው። በሰባት ዓመቱ ቆዳ ነጋዴ አባቱን ተከትሎ መጣ፤ ዓመት ሳይሞላ አባቱን ወባ ገደለው። ልጁን አንዲት የከሚሴ ሴት በጉዲፈቻ ወሰደችው፤ እኔ አያቴ የምላት እሷን ነው። ጉዲፈቻ እኛ ዘንድ ልጅ አብልቶ ማሳደግ ብቻ አይደለም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ዱዓ ይደረጋል፣ ቤተሰቡ ሁሉ የሚታረደውን በግ ጀርባ ይዞ ይምላል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ያን ልጅ "አልወለድንህም" የሚል አፍ የለም። የአያቴ የበኩር ልጅ፣ አጎቴ፣ ያኔ አሥር ዓመታቸው ነበር። እሳቸውም በጉን ይዘው ምለዋል።

በመንግሥት ወረቀት ግን አባቴ የውጭ አገር ሰው ነው። በየዓመቱ አዲስ አበባ፣ ኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት እየሄደ የመኖሪያ ፈቃድ ያሳድሳል። ዜግነት ይሰጠኝ ብሎ ካመለከተ አራት ዓመት አለፈው። በሄደ ቁጥር "በሂደት ላይ ነው" ይሉታል። አቤት ሂደት! ልጅ ተጸንሶ፣ ተወልዶ፣ አፉን ይፈታበታል እኮ!

ከሚሴ ባጃጅ በገባበት ሰሞን ደግሞ ዱብ ዕዳ ወረደብን። ፈቃድ የሚያድሰው ሰውዬ "ይኼ የመጨረሻዎ ነው። ለሚቀጥለው ዓመት ወይ ዜግነትዎን ይዘው ይምጡ፣ ወይ ወደ አገርዎ ይግቡ" አለው። ወደ አገርዎ! አባቴ የመን ውስጥ የሚያውቀው አንድ ነፍስ የለም። ዐረብኛው እንኳ ከሶላት አያልፍም።

እሱ "አላህ ያውቃል" ብሎ ተቀመጠ። እኔ መቀመጥ አልችልበትም። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ዣንጥላ ዘርግቶ ማመልከቻ ከሚጽፈው ሰው ዘንድ ሄጄ አጻፍኩና በአባቴ ስም መሥሪያ ቤቱን ከሰስን፤ እሺም ይበል እምቢ፣ መልስ ይስጥ ብለን። የፌደራል ጉዳይ ቢሆንም እኛው ዞን ያለው ፍርድ ቤት በውክልና ያየዋል ተባለ። ቀጠሮው ሲደርስ ፈቃዱ ሊያልቅ ሁለት ወር ቀርቶታል።

የመሥሪያ ቤቱ ነገረ ፈጅ "የዘገየነው እዚህ ስንት ዓመት እንደኖረ ማስረጃ ስላጣን ነው" አለ። ደስ አለኝ። ሲመጣ ያየ ምስክር አለና! ከዚያ ዘመን ሰው በሕይወት የቀሩት አጎቴ ብቻ ናቸው። ነጭ ኮፍያቸውን አድርገው ቀረቡ፤ ቁርኣን ይዘው ማሉ።

ዳኛዋ ወጣት ናት። "ይህ ሰው ከየት አገር፣ መቼ ነው የመጣው?" ብላ ጠየቀቻቸው።

የአጎቴ ፊት ተለዋወጠ። "ከየትም አልመጣም። ኦቦሌሳ ኮቲ፣ ወንድሜ ነው።"

"የሥጋ ወንድምዎ?"

"የእናቴ ልጅ ነው። እዚሁ ከሚሴ፣ እናቴ ቤት ነው የተወለደው።"

ወንበሬ ላይ ድርቅ አልኩ። ነገረ ፈጁ ተስፈንጥሮ ተነሣ፦ "ክቡር ፍርድ ቤት፣ ሰውዬው ማመልከቻው ላይ የመን ተወለድኩ ብሏል። ወይ እሱ ዋሽቷል፣ ወይ ምስክሩ!" ዳኛዋ በሐሰት መመስከር እንደሚያስቀጣ አስጠንቅቃ፣ ምስክሩ በአሥራ አምስት ቀን ተመልሰው እንዲያስረዱ ቀጠረች።

ግቢው ውስጥ ቀደም ቀደም ብዬ መንገድ ዘጋሁባቸው። አንቱታው ሁሉ ጠፋብኝ። "ምን ነካህ? ወንድምህን በገዛ አፍህ ልታባርረው ነው?" አልኳቸው።

"እናቴ ፊት ምያለሁ" አሉ። "አሁን ቁርኣን ይዤ ባዳ ነው ልበል?"

"አዎ በል!"

አባቴ ክንዴን ያዘኝ። "ተይው። ይህን ከሱ አፍ ከምሰማ የመን መሄድ ይሻለኛል።"

ሁለት ሽማግሌ በመሐላ ተቃቅፈው ገደል ሲገቡ ቆሜ ልይ? አጎቴ ቤት ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ። በመጨረሻው ቀን የፈቃዱን ወረቀት ፊታቸው ዘርግቼ የሚያልቅበትን ቀን በጣቴ አሳየኋቸው። ጁምዓ ጁምዓ ምሳቸውን እኛ ቤት ነበር የሚበሉት፤ እነዚያን ሁለት ጁምዓዎች ቀሩ።

በቀጠሮው ቀን ግን መጡ። ዳኛዋ ጥያቄውን ደገመችው። አጎቴ መሬት መሬቱን እያዩ "ከባሕር ማዶ ነው የመጣው" አሉ። "ሰባት ዓመቱ ነበር። የትልቅ ሰው ጫማ ተጫምቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ ከከሚሴ ወጥቶ አልኖረም።" ቀጥለውም "እኛ አልወለድነውም" አሉ።

አባቴ ፊቱን በፎጣው ሸፈነ። የለፋሁበት ቃል ነው፤ ሲወጣ ግን ጆሮዬን ብደፍን በወደድኩ።

ፍርድ ቤቱ መሥሪያ ቤቱ በአንድ ወር ውስጥ እንዲወስን አዘዘ። ፈቃዱ ሊያልቅ ዘጠኝ ቀን ሲቀረው አባቴ ዜጋ ሆነ። ቤታችን እልል አለ። አጎቴ ግን አልመጡም። መስጊድ ውስጥ እንኳ ከአባቴ ርቀው ይሰግዱ ጀመር። አባቴ ወረቀቱን ሊያሳያቸው ቢሄድ "ተኝተዋል" ተብሎ ከበር ተመለሰ። ከዚያ ወዲህ እህል አልበላልህ አለው። እኔን አንድ ቃል አልወቀሰኝም፤ ቢወቅሰኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሰንበቴ ገበያ ማግስት ጠዋት ልብስ ሳሰጣ አጎቴ በግ እየጎተቱ ገቡ። ሦስት ሽማግሌዎች ተከትለዋቸዋል።

"የእናቴን መሐላ በአፌ አፍርሼዋለሁ" አሉ አባቴን። "አውፍ በለኝ። እንደገና እናደርገዋለን።"

"የልጅ ልጅ አይቼ? ሰው ይስቅብናል እኮ!"

"ዝም በል፣ ታናሽ አይደለህም?"

አባቴ እየሳቀ ዕንባው ወረደ። ዱዓ ተደረገ። አጎቴ በጉን ይዘው ማሉ፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "ነይ፣ አንቺም ያዢ። ነገ ችሎት ቢጠሩሽ ምን እንደምትዪ ልስማ።"

ወረቀቱ አባቴ ደረት ኪስ ውስጥ ነው፤ የትውልድ ቦታ የመን ይላል። የበጉን ጀርባ ያዝኩ።

"እዚሁ ከሚሴ፣ አያቴ ቤት ነው የተወለደው" አልኩ።