ለሐያት የጮህኩበት የበረዶ ጨዋታ

ከቡታጅራ የወጣሁ ማታ ባለቤቴ ዘይነባ ቆጮ ጠቅልላ ሻንጣዬ ውስጥ ከተተችልኝ። ስዊድን አገር ለሚኖረው ልጃችን ለከድር ነው። ቪዛው የወጣው ለእኔ ብቻ ነበርና እሷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ስደርስ ኤርፖርት ላይ ፈታሹ ቆጮውን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ በአስተርጓሚ ጠየቀኝ።

«ምንድን ነው?»

«ምግብ ነው። ጉድጓድ ውስጥ ከርሞ የወጣ።»

«ተቀብሮ የነበረ? አሁን ልትበላው ነው?»

«አንተም ብትቀምስ አይከፋኝም» አልኩት። ወሰደብኝ።

ብርዱን አልነግራችሁም። የኛ ደጋ የአረቅጥ ውርጭ እዚህ ቢመጣ ሙቀት ነው የሚሉት። ሰዉም ደጅ ላይ ሲያገኝህ ጫማውን ያያል እንጂ እንዴት አደርክ አይልም። ይህን ሁሉ ያስቻለችኝ የከድር ልጅ ሐያት ናት። ሆኪ የሚሉትን የበረዶ ጨዋታ ትጫወታለች፤ የስዊድን ወጣት ሴቶች ቡድን በረኛ ናት።

በቅርቡ የአውሮፓ አገሮች ሲወዳደሩ የእሷ ቡድን ከፊንላንድ ጋር ደረሰው። ታዲያ ካሸነፉ የሚቀጥለው ዙር አረፋ ላይ ይውላል። እኛ ደግሞ ለአረፋ ሁላችንም ቡታጅራ ልንገባ ቃል ገብተናል። ዘይነባ ቤቱን አስመርጋ ትጠብቃለች፤ ሐያትን በአካል አይታት አታውቅም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቢሸነፉም አይከፋኝም ብዬ ነው ጨዋታውን ላይ የገባሁት።

ባጃጅ ቁልቁለት ላይ ፍሬኑ ሲበጠስ አይታችኋል? ልጆቹ በረዶው ላይ እየተንሸራተቱ እንደዚያ ነው የሚመጡት። አንዷ የፊንላንድ ልጅ መጥታ ሐያት ላይ ወደቀችባት። የኛዋ አንዷ ገፈተረቻትና ተያያዙ። እኔ ሽማግሌ ሆኜ ጥል እያየሁ እንዴት ልቀመጥ? ጋቢዬን አስተካክዬ ሜዳውን እስከከበበው መስታወት ድረስ ወረድኩና «በአላህ ተዉ ልጆች፣ እኔ መጥቻለሁ» እያልኩ መታ መታ አደረግኩት። በኛ አገር ሽማግሌ መሀል ከገባ እጅ ይወርዳል። እዚህ የዞረልኝ ጠባቂው ብቻ ነው። ከድር ሮጦ መጣ።

«አባ፣ ይቀመጡ። ዳኛ አላቸው።»

«ዳኛውማ ቆሞ ያያል።»

«ቀጥቷቸዋል፣ ያውና።»

እውነትም ሁለቱ ልጆች በመስታወት አጥር ውስጥ ለየብቻ ቁጭ ብለዋል።

«ማን ያስታርቃቸዋል?»

«ማንም። ደቂቃው ሲያልቅ ይወጣሉ።»

«ይቅርታም የለ፣ በግም የለ?»

ከድር ሳቁን አፈነ።

መጨረሻ ላይ በአንድ ጎል እየመራን ፊንላንዶቹ ከበቡን። ፓክ የሚሏት ጥቁር ጎማ ከዚህ እዚያ ትላጋለች፤ ዓይኔ ሊከተላት አልቻለም። አንዷ ስትመታት ሐያት በጎኗ ተወርውራ ያዘቻት። ተነስቼ ጮህኩ፤ አረፋንም ዘይነባንም ረሳሁ። ጎኔ የነበረ የማላውቀው ፈረንጅ አቀፈኝ። ከመጣሁ ያቀፈኝ ፈረንጅ እሱ ብቻ ነው።

እቤት ስንገባ ደወልኩላት።

«አሸነፈች?» አለችኝ ዘይነባ።

«አሸነፈች።»

እልል አለች፤ ረጅም እልልታ።

«እንግዲህ ለአረፋ አትመጡም ማለት ነው?»

«ጨዋታው ይዞናል» አልኳት። «ምን ላድርግ ዘይነባ፣ እኔ ራሴ ነኝ እኮ የጮህኩላት።»

«አንተማ ጩህላት፣ ቅርብ ነህ» አለችኝ። «በእኔም ድርሻ ጩህላት።»